ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን

ስልካችሁን ገልብጡና የካሜራውን ሌንስ ወደ መብራት ዘንበል አድርጉት። ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ የመሰለ ደብዘዝ ያለ ነጸብራቅ ታያላችሁ። ቀለሙ የብርጭቆው አይደለም። ብርጭቆው ላይ የተቀባ፣ በዓይን የማይለይ ስስ ሽፋን አለ። ሥራው አንድ ነው፦ ብርሃን ነጥሮ እንዳይመለስ ማድረግ።

እዚያው ስልክ ውስጥ ቺፑ አለ። ቺፑ ሲሠራ ተመሳሳይ ሽፋን በተደጋጋሚ ተቀብቶለታል። ልዩነቱ፣ የሌንሱ ሽፋን ዛሬም በቦታው ነው፤ የቺፑ ግን ሥራውን እንደጨረሰ ተጠርጎ ሄዷል። ስልኩን በታትናችሁ በማይክሮስኮፕ ብትፈልጉም አታገኙትም።

የቺፕ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለሚቀረው ነገር ነው። ትራንዚስተር ተፈለሰፈ፣ ከዚያ አነሰ፣ ከዚያ ደግሞ አነሰ። በ1965 ጎርደን ሙር በአንድ ቺፕ ላይ የሚገጠሙት ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ተነበየ፣ ኢንዱስትሪውም ትንበያውን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ሮጠ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ማሳነሱ ራሱ እንዴት ተቻለ? የዚህ መልስ አንዱ ትልቅ ክፍል፣ ተመልሶ ከሚመጣ ብርሃን ጋር የተደረገ ረጅም ትግል ነው። የትግሉ መሣሪያም ያ ተጠርጎ የሚሄደው ሽፋን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደበዘዘው ሌንስ

ነገሩ የሚጀምረው ከቺፕ ብዙ ዓመታት በፊት፣ ከአሮጌ ብርጭቆ ነው።

ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ከሚያርፍ ብርሃን 4 በመቶ ያህሉ ይመለሳል። ለአንድ የቤት መስኮት ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ጥሩ የካሜራ ወይም የቴሌስኮፕ ሌንስ ግን ከብዙ ብርጭቆዎች የተደረደረ ነው፤ እያንዳንዱ ብርጭቆ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። 10 ብርጭቆ ካለ 20 ፊት አለ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ፊት 4 በመቶ እየተቀነሰ ሲሄድ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከግማሽ በታች ይሆናል። የቀረውም አርፎ አይቀመጥም፤ በብርጭቆዎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየነጠረ ምስሉን ጉም ያለብሰዋል።

በ1886 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋለ። በጊዜ ብዛት የደበዘዘ አሮጌ ብርጭቆ ከአዲሱ የበለጠ ብርሃን ያሳልፋል። ቆይቶ ደግሞ በዮርክ ከተማ ሌንስ ይቀምር የነበረው ሃሮልድ ዴኒስ ቴይለር በአሮጌ ሌንሶች ላይ ያንኑ አየ። ሰው ሁሉ እንደ ብልሽት የሚያየውን ድብዝዝታ እሱ እንደ ጥቅም አየው፤ በ1904ም ሌንስን ሆን ብሎ በኬሚካል የማደብዘዝ ዘዴ ፓተንት አወጣበት። ችግሩ ኬሚካሉ አንድን ብርጭቆ በአንድ መልክ፣ ሌላውን በሌላ መልክ ይበላ ነበር፤ ውጤቱ አይጨበጥም።

ምስጢሩ ምን ነበር? ስስ ሽፋን ራሱ ሁለት ፊት አለው። ብርሃን ሲመጣ ጥቂቱ ከላይኛው ፊት ይመለሳል፣ ጥቂቱ ደግሞ ሽፋኑን አልፎ ከታችኛው ፊት ይመለሳል። ሁለተኛው ገብቶ መውጣት ስላለበት ትንሽ ይዘገያል። የሽፋኑ ውፍረት፣ ብርሃኑ ሽፋኑ ውስጥ ካለው የሞገድ ርዝመት ሩቡን ካከለ፣ መዘግየቱ ልክ ግማሽ ሞገድ ይሆናል። ያኔ አንዱ ሞገድ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፤ ይጣፋሉ። ወደ ኋላ እንዳይሄድ የተከለከለው ብርሃንም ወደ ፊት ያልፋል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍታ ቀስተ ደመና የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው፦ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ አንድ ቦታ ቀዩ ሲጣፋ ሌላ ቦታ ሰማያዊው ይጣፋል።

በ1935 በጀርመን፣ የና ከተማ፣ በካርል ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የዩክሬን ተወላጅ አሌክሳንደር ስማኩላ ሽፋኑን በዘፈቀደ ሳይሆን በልክ የሚቀባበት መንገድ አገኘ። አየሩ በተመጠጠ ሳጥን ውስጥ ማዕድኑን አትንኖ በብርጭቆው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነበር ዘዴው። ወታደሩ ነገሩ ወዲያው ገባው። ጠላትን በምሽት በተሻለ የሚያሳይ መነጽር ማለት ነውና፣ ዘዴው ለዓመታት የጀርመን ወታደራዊ ምስጢር ሆኖ ቆየ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኬተሪን ብሎጀት ነበረች። ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ዓመቱ 1926። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ፣ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ አንዲት ሞለኪውል ብቻ የምትወፍር የባሪየም ስቴሪት ሽፋን ላይ ብርጭቆ ነክራ ታወጣለች። ባሪየም ስቴሪት የሳሙና ዘመድ ነው። በነከረች ቁጥር አንድ ንብርብር ይጨመራል። በ1938 ኩባንያው የማይታይ ብርጭቆ ብሎ ይፋ ያደረገው ሥራዋ 44 ንብርብር ነበረው። ያ ውፍረት ለሚታየው ብርሃን የሩብ ሞገድ ልክ ነው። ሽፋኑ ለስላሳ ስለነበር በጨርቅ ቢወለወል ይነሳ ነበር። በዚያው ሰሞን የኤምአይቲዎቹ ካርትራይትና ተርነር በትነት የሚሠራ ጠንከር ያለ ሽፋን ይዘው ብቅ አሉ፤ የካሜራው ዓለምም ያንን መንገድ ተከተለ። የብሎጀት ሥራ ግን አንድ ነገር በማያሻማ መልኩ አሳየ፦ የሽፋንን ውፍረት እስከ አንዲት ሞለኪውል ድረስ መቁጠር ይቻላል።

የቆመ ሞገድ

ወደ ቺፑ ከመግባታችን በፊት ፓሪስን እንይ። ኋላ የቺፕ ሠሪዎችን እንቅልፍ የነሳው ነገር እዚያ ሽልማት አስገኝቶ ነበር።

ክራር ሲመታ ክሩን ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ሞገዱ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲጓዝ አይታይም። ክሩ በቦታው ቆሞ ይርገበገባል። መሐሉ ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ የታሰሩት ጫፎች ምንም አይንቀሳቀሱም። ይሄ የሆነው የሚሄደው ሞገድና ከጫፉ ነጥሮ የሚመለሰው ስለተደራረቡ ነው። ብርሃንም መስታወት ላይ አርፎ በመጣበት መንገድ ሲመለስ እንዲሁ ያደርጋል። ከመስታወቱ ፊት ለፊት ቦታቸውን የማይለቁ የብርሃንና የጨለማ ንብርብሮች ይፈጠራሉ። በ1890 ጀርመናዊው ኦቶ ቪነር እነዚህን ንብርብሮች እጅግ በሳሳ የፎቶ ፊልም ላይ ቀርጾ አሳየ።

በዓመቱ፣ በ1891፣ የሶርቦኑ ፕሮፌሰር ጋብርኤል ሊፕማን ይህንን ነገር ለፎቶ ተጠቀመበት። ከፎቶ ፊልሙ ኋላ ሜርኩሪ እንደ መስታወት አደረገ። ቀይ ብርሃን ሲመጣ ሰፋ ሰፋ ያሉ ንብርብሮችን ፊልሙ ውስጥ ይተዋል፤ ሰማያዊ ሲመጣ ጠበብ ያሉትን። ፊልሙ ታጥቦ ነጭ ብርሃን ሲበራበት እያንዳንዱ ንብርብር የራሱን ቀለም መልሶ ይልካል። ምንም ቀለም ሳይቀባ ባለቀለም ፎቶ! በ1908 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ፎቶው ለማንሳት ረጅም ጊዜ ይፈጅ ነበር፣ ቅጂም አይወጣለትም፤ ስለዚህ ገበያ ላይ የሉሚየር ወንድማማቾች ዘዴ በለጠው። ሊፕማን የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቆይቶ የሊፕማን ንብርብሮች ማንም ሳይጠራቸው መጡ።

ድንጋይ ላይ መጻፍ

ሊቶግራፊ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው፤ በድንጋይ ላይ መጻፍ ማለት ነው። መጀመሪያ የኅትመት ዘዴ ነበር። በ1957 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የፊውዝ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ጄይ ላትሮፕና ጄምስ ናል ለትራንዚስተር አመጡት። የሞርታር ጥይት ውስጥ የሚገባ ጥቃቅን ኤሌክትሮኒክስ ያስፈልግ ነበር። ማይክሮስኮፕ ትንሹን አተልቆ ያሳያል፤ ቢገለብጡትስ? ትልቁን ሥዕል አሳንሶ ይጥላል። ማይክሮስኮፑን ገልብጠው፣ ከኮዳክ ባገኙት ብርሃን የሚሰማው ኬሚካል ላይ የትራንዚስተር ንድፍ አሳርፈው አተሙ።

መሠረታዊው አሠራር ዛሬም ያው ነው። ፎቶ ቤት ፊልም ሲታጠብ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ክብ የሲሊከን ሳህን አለ፤ ዋፈር ይባላል። ላዩ ላይ ፎቶሬዚስት የሚባል፣ ብርሃን ሲነካው ጠባዩ የሚለወጥ ኬሚካል እያሽከረከሩ ይቀቡታል። ንድፉ የተሳለበትን ማስክ አሳልፈው ብርሃን ያበሩበታል። ከዚያ ያጥቡታል፤ ብርሃን የነካው ቦታ ይሟሟል፣ ያልነካው ይቀራል (በተቃራኒው የሚሠራ ዓይነትም አለ)። የቀረው ፎቶሬዚስት ሥሩ ያለውን ሲከላከል፣ የተራቆተው ቦታ ይቀረጻል። ይሄ ተደጋግሞ ተደጋግሞ ቺፕ ይሆናል።

ሁሉም ነገር የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ብርሃን ከላይ ገብቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ እዚያው ይቀራል የሚል። ብርሃን ግን አይቀርም። ከሥር ያለው ሲሊከን የተወለወለ ነው፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲነካው ብዙውን ይመልሳል። ሽቦ ለመሥራት የተነጠፈው አሉሚኒየም ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሊመልስ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ቺፕ ሠሪዎቹ ሳያስቡት ከፎቶ ፊልማቸው ኋላ የሊፕማንን መስታወት አስቀምጠው ነበር።

ደረጃ ያወጣ ግድግዳ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ ማሽኖች 436 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው የሜርኩሪ መብራት ይሠሩ ነበር። ፎቶሬዚስት ውስጥ ሲገባ ሞገዱ ስለሚያጥር፣ በአንዱ ደማቅ ንብርብርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 130 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። የፎቶሬዚስቱ ውፍረት አንድ ማይክሮሜትር ከሆነ ሰባት ስምንት ንብርብር ይያዝበታል። ሲታጠብ ቀጥ ብሎ መቆም የነበረበት ግድግዳ ጎኑ ደረጃ አውጥቶ ይገኛል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱ የዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ ደረጃዎቹን አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ይቻላል።

ደረጃው ለዓይን ይከብዳል እንጂ ከሁሉ የከፋው ችግር እሱ አልነበረም። የከፋው ውፍረት ነው። የሚሄደውና የሚመለሰው ብርሃን ይደጋገፍ ወይም ይጣፋ የሚለውን የሚወስነው የፎቶሬዚስቱ ውፍረት ነው። ውፍረቱ በ65 ናኖሜትር ብቻ ሲለወጥ ብርሃኑ ከብዙ ወደ ጥቂት ይገለበጣል። ቺፕ ላይ ደግሞ ወለሉ ሜዳ አይደለም፤ አስቀድሞ የተሠሩ ጉብታዎችና ጉድጓዶች አሉ። ፎቶሬዚስቱ ጉብታው ላይ ይሳሳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይወፍራል። እናም አንድ ሽቦ ጉብታ ሲወጣ ይቀጥናል፣ ሲወርድ ይወፍራል። ብርሃን በተዳፋት አሉሚኒየም ላይ አርፎ ወደ ጎን ከነጠረማ፣ ጨለማ መሆን የነበረበትን ቦታ ያበራና ሽቦውን ወገቡ ላይ ይበላዋል። ከመቶ ሺህ ሽቦ አንዱ ወገቡ ከተበላ ቺፑ ቆሻሻ ነው።

መጀመሪያ የመጣው መፍትሔ ማወቅ ነበር። በ1975 የአይቢኤሙ ፍሬድሪክ ዲልና ባልደረቦቹ ፎቶሬዚስት ብርሃን ሲጠጣ የሚሆነውን በሦስት ቁጥሮች የሚገልጹ ጥናቶች አወጡ፤ ቁጥሮቹ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ። ከዚያ በፊት ሊቶግራፊ የእጅ ሙያ ነበር። ሞክር፣ እይ፣ አስተካክል፣ በቃ። ከዲል በኋላ ግን ደረጃው የት እንደሚወጣ በኮምፒውተር ቀድሞ ማስላት ተቻለ።

በዚያው ዓመት ሌላው የአይቢኤም ተመራማሪ ዎከር ከወጥ ቤት የመጣ የሚመስል መፍትሔ አሳየ። ብርሃን ካበራህ በኋላ፣ ከማጠብህ በፊት፣ ትንሽ ጋግረው። በሙቀቱ ኬሚካሉ ከደማቁ ንብርብር ወደ ጨለማው ይሰርጋል፣ ደረጃውም ይለሰልሳል። ጥሩ ሠራ፤ ዛሬም ይሠራበታል። ግን መጋገር ግድግዳውን ያስተካክላል እንጂ የውፍረቱን ጣጣ አይፈታም፤ ያለፈውን ብርሃን መልሶ መቁጠር አይችልም። ሌሎች ደግሞ ፎቶሬዚስቱ ውስጥ ቀለም ጨመሩ፤ የሚመለሰውን ብርሃን እንዲመጥ። መጠጠም፤ ግን የሚሄደውንም አብሮ መጠጠ። ሥር የሚደርሰው ብርሃን አነሰና ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ትቶ ዘመመ።

ከሥር የተነጠፈው

በ1981 ቴሪ ብሩወር የተባለ ኬሚስት በሚዙሪ ግዛት፣ ሮላ በምትባል ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ አንድ ኩባንያ አቋቋመ። ሐሳቡ ሲሰማ ቀላል ነው። ፎቶሬዚስቱን ተዉት፣ እንደ ልማዱ ይሥራ። ከሥሩ ግን፣ በሱና በዋፈሩ መካከል፣ ብርሃን የሚመጥ ሌላ ስስ ሽፋን ቀቡ። በፈሳሽ መልክ ይፈስሳል፣ እየተሽከረከረ ይዘረጋል፣ ይጋገራል፣ ላዩ ላይ ፎቶሬዚስት ይቀጥላል። ብርሃን ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ እዚያ ይቀራል።

ለፋብሪካ ግን አንድ ተጨማሪ ንብርብር ቀላል ነገር አይደለም። ተጨማሪ ማሽን ነው፣ ተጨማሪ ደቂቃ ነው፣ አቧራ የሚገባበት ተጨማሪ በር ነው። ደግሞም ሥራውን ሲጨርስ መነሳት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሽፋኖች ከፎቶሬዚስቱ ጋር አብረው በሚያጥበው ፈሳሽ የሚሟሙ ነበሩ። ምቹ ይመስላል፤ ፈሳሹ ግን ወደ ታች ብቻ አይሄድም፣ ወደ ጎንም ይበላል። ቀጭን መስመር ከሥሩ ሲቦረቦር ይወድቃል። መስመሮች በቀጠኑ ቁጥር ይሄ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ሲጋገር እርስ በርሱ የሚተሳሰር፣ በፈሳሽ የማይሟሟ፣ በኋላ በፕላዝማ ብቻ የሚነሳ ትውልድ መጣ። ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ አሉሚኒየሙ ላይ ቲታኒየም ናይትራይድ፣ ሌላው ላይ የሲሊከን፣ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ውህድ አነጠፉ።

ነገሩን ከምርጫ ወደ ግዴታ የለወጠው የብርሃኑ ማጠር ነው። ከ436 ወደ 365፣ ከዚያ በሌዘር ወደ 248፣ ከዚያም ወደ 193 ናኖሜትር ተወረደ። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ንብርብሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ስለዚህ ያነሰ የውፍረት ለውጥ የበለጠ ጥፋት ያስከትላል። ሲሊከንም ለአጭሩ ብርሃን የባሰ መስታወት ነው። በ248 የመጣው አዲስ ፎቶሬዚስት ደግሞ የሚሠራው ብርሃን ሲነካው በሚያመነጨው ጥቂት አሲድ ነበር። ከሥር ናይትሮጅን ያለው ወለል ሲያገኝ አሲዱ ይረክሳል፤ መስመሩም እግሩ ላይ ያልታጠበ ቅሪት ይተዋል። እዚህ ላይ የብሩወር ዓይነቱ ሽፋን ያልታሰበ ሁለተኛ ሥራ አገኘ። ብርሃኑን ከመምጠጥ አልፎ ፎቶሬዚስቱን ከወለሉ ኬሚካል መጠበቅ ጀመረ።

ጥቁር ብቻ አይበቃም

አንድ ሰው እዚህ ጋ፣ ታዲያ በጣም ጥቁር የሆነ ነገር አንጥፎ መገላገል አይሻልም ወይ ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አይሻልም ነው። በጣም የሚመጥ ነገር ከላዩ ካለው ፎቶሬዚስት ጋር ጠባዩ ስለሚራራቅ፣ ብርሃኑ ወደ ውስጡ ከመግባቱ በፊት ድንበሩ ላይ ይመለሳል። ጥቁሩ ራሱ መስታወት ይሆናል ማለት ነው። ብረትን አስቡት፦ ብርሃንን አጥብቆ ይመጣል፣ ግን ያበራል።

ስለዚህ ኬሚስቱ ሦስት ቁጥሮችን አብሮ ማስማማት አለበት። ብርሃንን ምን ያህል ይሰብራል? ምን ያህል ይመጣል? ውፍረቱስ ስንት ነው? ጥሩ ሽፋን የቴይለርንና የጥቁር ቀለምን ሥራ አንድ ላይ ይሠራል። ከላይኛው ፊት የሚመለሰው ጥቂት ብርሃን ከታችኛው ፊት ከሚመለሰው ጋር እንዲጣፋ ውፍረቱ ይለካል፤ መሐል ላይ ያለው ደግሞ ይመጠጣል። በ193 ናኖሜትር ይሄ ማለት ጥቂት አሥር ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር ንጣፍ ነው። ግቡ ደግሞ ወደ ፎቶሬዚስቱ የሚመለሰውን ከ1 በመቶ በታች ማውረድ።

በ1991 የአይቢኤሙ ቲሞቲ ብሩነር ይህንን ጣጣ በአንዲት አጭር ቀመር ጠቀለለው። የፎቶሬዚስቱ ውፍረት ሲለወጥ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፦ ከሥር በሚመለሰው፣ ከላይ በሚመለሰው፣ እና መንገድ ላይ በሚመጠጠው። ቀመሩ የሚለው ነገር አስገራሚ ነው። የሥሩና የላዩ ነጸብራቅ የሚገቡት ተባዝተው ነው። አንዱን ዜሮ ካደረግህ ሌላው ምንም ያህል ቢሆን መዋዠቁ ይጠፋል።

የጃፓኑ ሂታቺ ተመራማሪዎች፣ ታናካና ባልደረቦቹ፣ በ1990 ያሳተሙት ሥራ በሁለተኛው በር የገባ ነበር። ሥሩን ትተው ከፎቶሬዚስቱ በላይ ስስ ሽፋን ቀቡ፤ ልክ እንደ ካሜራ ሌንስ። ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል፣ ቀላል ነው። ጉድለቱ፣ ከተዳፋት አሉሚኒየም ወደ ጎን የሚነጥረውን አያቆምም። የሚያስፈልገው ቁስ ደግሞ ብርሃንን በጣም ጥቂት የሚሰብር መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ጠባይ በብዛት የሚገኘው ፍሎሪን ባላቸው ኬሚካሎች ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በ2002 የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ባልደረባ በርን ሊን በሌንሱና በዋፈሩ መካከል ውኃ እናስገባ የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ ገፋ፤ ኢንዱስትሪውም ተከተለው። ውኃው ብርሃን ከሰፊ ማዕዘን እንዲመጣ ስለሚፈቅድ ይበልጥ የጠበበ መስመር መሳል ተቻለ። ሽፋኑ ግን ተቸገረ። ለቀጥታ ብርሃን የተለካ ሩብ ሞገድ፣ ዘሞ ለሚመጣው ልክ አይሆንም፤ ያኛው ሽፋኑ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ የተለየ ነው። አንዱን ማዕዘን ስታጠፋ ሌላው ያበራል። ስለዚህ ሽፋኑ ሁለት ሆነ፤ የላይኛውና የታችኛው የተለያየ ቁጥር ያላቸው፣ ማዕዘኖቹን የሚከፋፈሉ።

መስታወቱ ሲፈለግ

ከዚያ ታሪኩ ተገለበጠ። ዛሬ በጣም ጥቃቅኖቹ የቺፕ ክፍሎች የሚታተሙት 13.5 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ነው። ይህንን ብርሃን አየርም ብርጭቆም ይመጠዋል፤ ሌንስ የሚባል ነገር አይሠራም። የቀረው መንገድ መስታወት ብቻ ነው፤ እሱም እሺ አይልም፣ ምክንያቱም የትኛውም ቁስ ፊት ለፊት የመጣውን ይህንን ብርሃን እንደ ተራ መስታወት አይመልሰውም።

መፍትሔው የተገኘው ከቴይለርና ከስማኩላ ሒሳብ ነው፣ በተቃራኒው ተሰልቶ። የሞሊብዲነምና የሲሊከን ስስ ንብርብሮች እየተፈራረቁ ይነጠፋሉ፤ አንዱ ጥንድ 7 ናኖሜትር ያህል ነው፣ ጥንዶቹ ደግሞ 40 እና ከዚያም በላይ። እያንዳንዱ ድንበር ጥቂት ብቻ ይመልሳል፤ ውፍረቱ ግን የሚመለሱት ሁሉ እንዲደጋገፉ ተለክቷል። ውጤቱ 70 በመቶ ገደማ የሚመልስ መስታወት ነው። 10 መስታወት ሲያልፍ የሚተርፈው 3 በመቶ ያህል ብርሃን ነው። እነዚህን መስታወቶች የሚሠራው ማን መሰላችሁ? ዛይስ። በ1935 ነጸብራቅን ማጥፊያ የፈለሰፈው ስም ዛሬ ነጸብራቅን በመሥራት ይታወቃል።

በዚህ ብርሃን ከሥር የሚመለሰው ኢምንት ስለሆነ፣ ከፎቶሬዚስቱ በታች ያለው ንጣፍ ሥራው ተቀይሯል፤ መስመሩ እንዳይወድቅ አጥብቆ መያዝ ነው አሁን ሥራው። ቢሆንም አዲስ በሚባለው ቺፕ ውስጥ እንኳ ብዙዎቹ ንብርብሮች አሁንም በ193 እና በ248 ናኖሜትር ነው የሚታተሙት። ለእነሱ የድሮው ሽፋን ዛሬም ይቀባል፣ ዛሬም በፕላዝማ ይጠረጋል።

የማይጠፋው

አሁን ወደ ፍሎሪን እንመለስ። ከፎቶሬዚስቱ በላይ ለሚቀቡት ሽፋኖችና ለአንዳንድ የፎቶሬዚስት ክፍሎች ካገለገሉት ኬሚካሎች አንዱ ፒፎስ ይባላል። ካርቦንና ፍሎሪን የተያያዙበት ሰንሰለት ነው፤ ተፈጥሮ ይህንን ሰንሰለት በቀላሉ አትፈታውም። ውኃ ውስጥ፣ አፈር ውስጥ፣ በእንስሳትና በሰው ደም ውስጥ ይከማቻል። ብዙ የዋለው ለእሳት ማጥፊያ አረፋና ለጨርቅ ነው፤ የቺፕ ኢንዱስትሪው ድርሻ ከነዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር።

ቢሆንም በ2009 የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገራት፣ ኢትዮጵያ አንዷ ናት፣ ፒፎስን ከሚገደቡ ኬሚካሎች ዝርዝር ሲያስገቡ፣ ለጊዜው ይፈቀድ ከተባሉት አገልግሎቶች መካከል አንዱ በስም ተጠርቶ እንዲህ ሰፈረ፦ ለሰሚኮንዳክተር የሚሆን ፎቶሬዚስትና ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን። ከቺፑ ላይ ተጠርጎ የሚጠፋው፣ ማንም አይቶት የማያውቀው ነገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ስሙ ተጻፈ። ያ ፈቃድ በ2019 ተነሳ። ኢንዱስትሪው በበኩሉ ፒፎስን ትቶ ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ሄዷል። ከነሱም ፍሎሪን ያላቸው አሉ፣ ክርክሩም አልተዘጋም።

ቴይለር በ1904 ያሰበው ስለ ሌንሱ ብቻ ነበር። ብሎጀት ንብርብሮቿን ስትቆጥር፣ ሽፋኑ ከብርጭቆው ላይ መነሳቱ ነበር የሚያሳስባት። ቀጣዩን ሽፋን የሚቀምሙ ወጣት ኬሚስቶች ግን የድሮዎቹን ሦስት ቁጥሮች፣ ማለትም ውፍረቱን፣ ብርሃን የመስበር አቅሙንና የመምጠጥ አቅሙን ካስማሙ በኋላ አራተኛ ይጠበቅባቸዋል፦ ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ ስንት ዓመት ይቆያል?